ከሰሌዳው የተነቀለው ቃለ ጉባኤ

በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሞጣው አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን። የተመልካቾች ክበብ ሰብሳቢ፣ የሂሳብ መምህሩ አቶ ደመላሽ፣ ከመድረኩ ሥር ከጠረጴዛው ኋላ ቆመው። ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሰይድ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ጫፍ፣ ዱላቸውን ይዘው። ልብስ ሰፊዋ ባንቺአምላክ፣ በግራ በኩል ወደ ጓሮ ከምታወጣው ትንሽ በር አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ባሏ ሙጨ፣ በትልቁ በር መቃን መካከል፣ ጠመንጃውን አንግቶ። ሌሎች አርባ የሚሆኑ የክበቡ አባላት በአግዳሚዎቹ ላይ ተቀምጠው። እኔ ጸሐፊዋ ጥሩወርቅ፣ ከአቶ ደመላሽ ቀኝ ቆሜ። ቃለ ጉባኤው በእጄ ነበር።

ማን እንደነበረና የት እንደቆመ አስቀድሜ የጻፍሁት ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይጀመራል። ይህን የተማርሁት በመጀመሪያ የሥራ ቀኔ፣ ቢቸና ነው።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስሁ ቆይቼ፣ ልጆቼ ትንሽ ከፍ ካሉልኝ በኋላ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በጀማሪ ታይፒስትነት ተቀጠርሁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ልየው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ነበሩ። ገና የጽሕፈት መኪናውን ክዳን ሳላነሳ የገበያው ቦታ ይዛወር አይዛወር የሚል ስብሰባ ላይ አስቀመጡኝ። ስመለስ ተይቤ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ።

«‹ተሰብሳቢዎች ተቃወሙ› ብለሻል። ተሰብሳቢዎች የሚባለው ሰውዬ ቤቱ ወዴት ነው?»

ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ።

«ማን አለ? ምን አለ? ስም የሌለው ቃል ነገ ሲጠየቅ ባለቤት ያጣል። ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ ደገምሁት። በሦስተኛው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁና ፋይሉ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጄ ያለፈ ቃል ሁሉ ስም ነበረው።

ሁለተኛው የተማርሁት ነገር ጣት ማጠንከር ነው። አንድ ቃለ ጉባኤ በሦስት ቅጂ ይተየባል፤ በሦስቱ ወረቀቶች መካከል ሁለት ካርቦን ይገባል። ሦስተኛው ቅጂ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ይወጣል። የእኔ ግን ይነበብ ነበር። ፊደሉን የምመታው ሦስተኛውን እያሰብሁ ነው። በሥራዬ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወርሁ። እዚያ ከመደበኛው ሥራ በተጨማሪ የአዳራሹ ቴሌቪዥን ቁልፍ በእጄ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ከመድረኩ በላይ በብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። እሁድ በስምንት ሰዓት እከፍተዋለሁ፤ የተመልካቾች ክበብ አባላት ተከታታዩን ድራማ አብረው ያያሉ። ሲያልቅ ይከራከራሉ። እኔ እጽፋለሁ።

ጽሑፉ የሚያስፈልገው በድራማው መጨረሻ «አስተያየታችሁን በደብዳቤ ላኩልን» ስለሚባል ነው። ሥርዓቱ ይህ ነበር። ሰኞ እተይባለሁ። ማክሰኞ ሦስተኛውን ቅጂ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በስፒል እለጥፋለሁ፤ ተናጋሪው ቃሉ ተዛብቶ እንደሆነ አይቶ ያርማል። በሚቀጥለው እሁድ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ይጸድቃል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ይላካል።

በዚያ ዓመት ድራማው ስለ አንዲት አስካለ የምትባል ባለትዳር ነበር። ከተማው በእሷ ሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ቅሌታም ይላታል፣ ሌላው ምስኪን ይላታል። አቶ ደመላሽ አንድ እሁድ «ድራማው ሴቶችን እንዴት ነው የሚያሳየው?» ብለው ጥያቄውን ለጉባኤው አቀረቡ።

አቶ ሰይድ ቀደሙ። «ደራሲው ትክክል ነው። አስካለ ባሏን አላከበረችም። ሰውዬው ቢቆጣ ምን ይደንቃል?»

ባንቺአምላክ ብድግ አለች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር። «ጋሽ ሰይድ፣ ሲቆጣ ነው ሲመታ ያዩት?»

«ድራማ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ድራማ ከሆነማ እጁን አንድ ሳምንት ያሳርፈው! በየሳምንቱ የሚማታው እሱ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ። ይኼ ደራሲ ሴት የሚያውቀው ስታለቅስ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሥራ ስትሠራ አሳይቶን ያውቃል? ቀሚሷ ግን በየሳምንቱ አዲስ ነው። ማን ሰፋላት?»

«ጨርቁንስ ማን ሸጠላት?» አሉ አቶ ሰይድ። «እኔ ጋ ዝር አላለችም!»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቂል ሴት ናት! ካልተመቻት ልብሷን ይዛ አትወጣም?» አለ።

ባንቺአምላክ ወደ እሱ ዞረች። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። «መውጣት እንዲህ ቀላል መሰለህ? እኔ ሦስት ጊዜ ልብሴን አስሬ ሦስቱንም ጊዜ ፈትቻለሁ። ደራሲው እንባዋን ትቶ እንዴት እንደሚወጣ ያሳየን።»

ጎልማሳው ተቀመጠ። የእኔ እስክሪብቶ ብቻ ይሄድ ነበር።

ሰኞ ተየብሁት። ባንቺአምላክ እንዲህ አለች ብዬ፣ ስሟን ከነአባቷ ስም፣ ቃሏን እንዳለ። ጣቴንም እንደ ወትሮው አጠነከርሁ። ማክሰኞ ለጠፍሁት። ስሟን ስጽፍ የሴትዮዋ ቤት ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ አቶ ልየው ናቸው።

ሐሙስ ጧት ሰሌዳው ባዶ ነበር። አራቱ ስፒሎች በቦታቸው ናቸው፤ ከሥራቸው የወረቀቱ ማዕዘኖች ቀርተዋል። የነቀለው ሰው ስፒሎቹን ለማንሳት አልታገሠም ማለት ነው። ቆሜ ማዕዘኖቹን አየሁ። 

ዓርብ ሙጨ ቢሮዬ መጣ። የባንቺአምላክ ባል ታጣቂ ነው። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እንዴት ሰነበቱ? ልጆች ደኅና ናቸው?»

«እግዜር ይመስገን። አንተስ ደኅና ነህ?»

ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። መታጠፊያዎቹን በመዳፉ ቀስ ብሎ አስተካከለ። «ይኼን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ ነዎት። ካርቦን ሆኖ እንኳ ጥርት ብሎ ይነበባል።» ጣቱን ከስሟ ላይ አሳረፈ። «ማኅተም ግን የለውም።»

«ጉባኤው ሳያጸድቀው አይመታም።»

«መቼ ያጸድቀዋል?»

«እሁድ።»

«እሁድ እመጣለሁ። ማኅተሙ ሲያርፍበት ጉንደ ወይን ወርጄ ለአባቷ አነብላቸዋለሁ። ልጅዎ በአደባባይ ያዋረደችኝን ይስሙ እላለሁ። ከዚያ ወዲያ የማደርገውን የሚይዝብኝ ሰው አይኖርም።» ድምፁን አንድም ጊዜ ከፍ አላደረገም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ደኅና ይዋሉ» ብሎ ወጣ። ኮቴው ከደረጃው እንደወረደ ተነሣሁ።

አቶ ደመላሽ ዘንድ ሄድሁ። ጠመኔ የነካውን እጃቸውን እያራገፉ ሰሙኝ። «ገና አልጸደቀም። ያልጸደቀ ይታረማል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወረቀቱ ግን በእሱ ኪስ ነው።»

ቀጥዬ ባንቺአምላክ ሱቅ ገባሁ። የስፌት መኪናዋን ትረግጥ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፣ የእኔን ጥፋት ጨምሬ። እግሯ አልቆመም።

«ያልሁትን ነው የጻፉት፣ እትዬ።»

«አስተካክለዋለሁ። ስለ አስካለ እንደተናገርሽ አድርጌ እጽፈዋለሁ።»

«እንደመሰለዎት።»

«ዛሬ የት ታድሪያለሽ?»

«ቤቴ ነዋ። ወዴት ልሂድ?» ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። የግራ እጅጌዋ እስከ ጣቶቿ ወርዶ ነበር፣ ቀኑ ግን ሙቀት ነው። ከመኪናው ሥር በነጠላ የታሰረ ጨርቅ ተቀምጧል። የደንበኛ ልብስ መሰለኝ።

ቅዳሜ ቃለ ጉባኤውን እንደገና ተየብሁ። በእሷ ስም ቦታ «አንዲት ተሰብሳቢ ስለ አስካለ ስትናገር፣ ይህች ሴት ሦስት ጊዜ ልብሷን አስራ ፈትታለች አለች» ብዬ ጻፍሁ። በሥራ ዘመኔ ያልተባለውን ነገር እንደተባለ አድርጌ የጻፍሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጣቴን አላጠነከርሁም። ሦስተኛው ቅጂ ደብዛዛ ወጣ።

ለእናንተ ለወጣት ጸሐፊዎች የምነግራችሁ ይህን ነው። ቃል ስም ይፈልጋል። ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ግን ወረቀቱ የት እንደሚለጠፍና ማን እንደሚያነበው እወቁ።

እሁድ ሆነ። በእኛ አገር ጠመንጃ ብርቅ አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ ግን አይገባም ነበር። ባለ ጠመንጃ ሁሉ ለዘበኛው ሰጥቶ ይገባል። ሙጨ ዘበኛውን አልፎት ከበሩ መካከል ቆመ። ዘበኛው አላስቆመውም። አባላቱ ወደ ኋላ ዞር ዞር እያሉ አዩት።

አቶ ደመላሽ «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ» አሉ።

አነበብሁ። የአቶ ሰይድን ቃል፣ የቀሚሱን ነገር። በሳቁ ቦታ ማንም አልሳቀም። «አንዲት ተሰብሳቢ» ከሚለው ስደርስ ወደ በሩ ሳላይ አነበብሁት።

«እትዬ፣ እንዲህ አይልም» አለ ሙጨ ከበሩ። ወረቀቱን አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘ። «የእርስዎ እጅ የጻፈው እኔ ዘንድ አለ። ስም አለው።»

 አቶ ደመላሽ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠዋል። አቶ ሰይድ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«እሱ ሳይታረም የተለጠፈ ነው» አሉ። «የተከራከርኋት እኔ ነኝ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተነጋገርነው ስለ አስካለ ነው።» ለሁለት ወር አስካለን ሲረግሙ የከረሙ ሰው ናቸው።

«ልክ ነው፣ ስለ አስካለ ነው» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ስለ አስካለ ነው» አለ ያ አስካለን ቂል ያላት ጎልማሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። 

አቶ ደመላሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው እርማት ያለው ሰው ከሌለ...»

«እርማት አለኝ» አለች ባንቺአምላክ።

ሁሉም ወደ ትንሿ በር ዞረ። እኔ ዓይኖቿን ለማግኘት ሞከርሁ። አላየችኝም። የምታየው ሙጨን ነበር።

«አንዲት ተሰብሳቢ የተባልሁት እኔ ነኝ። ስሜ ይግባ። የተናገርሁት ስለ አስካለ አይደለም፣ ስለ ራሴ ነው። ሦስት ጊዜ የሚለውም ይስተካከል። ዛሬ አራት ሆኗል። አራተኛውን አልፈታሁትም።»

ሙጨ ከመቃኑ ተነቃነቀ። በመካከሉ መተላለፊያ አንድ፣ ሁለት እርምጃ ገባ። አቶ ሰይድ ዱላቸውን ይዘው መተላለፊያው ላይ ቆሙ። ከአጠገባቸው አንዲት ሴት ተነሣች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ አግዳሚው ሙሉ። ጠመንጃው ከትከሻው ሲወርድ አየሁ። ማንም አልተቀመጠም።

አጎንብሼ የእርማቱን መስመር በእጄ ጻፍሁ፤ ስሟን ከነአባቷ ስም። ፊደሉ ተንጋደደ።

ቀና ስል ባንቺአምላክ በነጠላ የታሰረውን ከእግሯ ሥር አንስታ፣ ትንሿን በር ከፍታ ወጣች።