በሃልቮር ኮፈን ስር

በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው መኪና አይሸጥም። ቅዳሜ ጠዋት እኔ መጋዘን የምንሰበሰብ የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤቶች ሕግ ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ የጣሰውንም ሰው አላየሁም። ባለቤቱ ከተቀበረ በኋላ መኪናው መጋዘኑ መሃል ይቆማል፤ እያንዳንዱ ሰው የጎደለውን ፈትቶ ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ ዕቃው የሚጠራው በሟቹ ስም ነው። የኔ አረንጓዴ ፒክአፕ ራዲያተሩ የሎይድ፣ የግራ በሩ የክላራ፣ ክላክሱ ደግሞ የኬልቢ ነው። አንዴ የተወሰደ ዕቃ አይመለስም። እከሌ ምን ወሰደ እያሉ መጠያየቅም ነውር ነው።

ከሩቅ ሲሰሙት ደስ የሚል ወግ ይመስላል። በረዶ በሸፈነው ሜዳ ላይ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። ክላራ በሕይወት ሳለች ያንን በር ደጋግማ ካልደበደበችው አይዘጋላትም ነበር፤ እኔም ካልደበደብኩት አይዘጋልኝም። አንዳንዴ መንገድ ላይ ማንም ሳይነካው ብርግድ ይላል። «በይ ግቢ፣ ብርዱን አታስገቢብኝ» እላታለሁ። እየሳቅኩ ነው የምላት፤ ግን እላታለሁ።

ከሁላችንም ይልቅ በዚህ ወግ የተሰቃየው አርቪድ ትቬት ነው። ኬልቢ ልጁ ነበር።

አርቪድ በከተማው እህል ማከማቻ ውስጥ ሲሠራ ያረጀ፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ሚስቱ ቀደም ብላ ትታው ስለሄደች ያለው ልጁ ብቻ ነበር። ኬልቢ ሆኪ ሲጫወት ትከሻው ተሰበረ፤ ከዳነም በኋላ ክንዱ እንደ ድሮው አልሆነለትም። የሚነዳው የአያቱን ፒክአፕ ነበር፤ የእነዚያ መኪናዎች መሪ ደግሞ ሲያዞሩት ከበሬ ጋር እንደ መታገል ነው። ልጁ አንድም ቀን አላማረረም። አባትየው ግን አላስቻለውም። ከሌላ መኪና ላይ የሚቀል መሪ አውልቆ አመጣ። የሁለቱ መኪናዎች ብረት ስለማይገጥም፣ የመሪውን ሳጥን ከሻንሲው ጋር የሚያስረውን ብረት ራሱ ቆርጦ ራሱ በየደው።

ሥራው ያለቀ ዕለት ኬልቢ ግቢዬ ውስጥ ክብ እየሠራ ሲነዳ አሁንም ይታየኛል። «ቨርና፣ እዪኝማ! በአንድ ጣት!» እያለ ክላክሱን ያስጮኸው ነበር። አርቪድ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻ ጊዜ ነው።

በዚያው የበረዶ ወራት ኬልቢ ከድልድዩ ላይ ከነመኪናው ወድቆ ሞተ። ፖሊሶቹ በረዶ አንሸራትቶት ነው አሉ። መንገዱ እውነትም ያንሸራትት ነበር። የጎማው ዱካ ግን ምንም ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ወደ ጠርዙ ነው የሄደው። አርቪድ ዱካውን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በውስጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ የበየድኩት ብረት መኪናው ሲወድቅ ነው የተሰበረው፣ ወይስ ብረቱ ስለተሰበረ ነው መኪናው የወደቀው?

መልሱ ያለው ስብራቱ ላይ ነው። ይህንን ለሁላችንም ያስተማረን ራሱ አርቪድ ነው። የተሰበረ ብረት ስናመጣለት ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። «ይሄ የሚያበራው አሁን የተሰበረ ነው። ይሄ ውስጡ የዛገው ግን ቀድሞ ተሰንጥቆ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ነው» ይለናል። የኬልቢ ብረት ስብራቱ የሚያበራ ከሆነ አባትየው ነፃ ነው። ውስጡ ዝጎ ከሆነ ግን ልጁ የሚነዳው አባቱ በበየደው ስንጥቅ ላይ ነበር ማለት ነው።

መኪናውን የተከፋፈልን ዕለት አርቪድ መጋረጃውን ዘግቶ ቤቱ ዋለ። የፈታታልን ሃልቮር ነበር፤ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጥ፣ ከማውራት ይልቅ ማጉረምረም የሚቀናው ገበሬ። አርቪድ በማግስቱ መጥቶ ስለ ብረቱ ጠየቀው።

«ፊት ለፊቱ በሙሉ ተጨራምቶ ነበር» አለ ሃልቮር፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ከቁርጥራጩ ጋር ጣልኩት።»

«ስብራቱን አይተኸዋል?»

«ጣልኩት አልኩህ እኮ፣ አርቪድ።»

አርቪድ ዳግም አልጠየቀም። መፈለግ ግን ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማንንም መኪና ስር ሳይጠሩት የሚገባ እሱ ሆነ። ፍሬን ያጠብቃል፣ ጭስ ማውጫ ያስራል፣ የላላ ቡሎን ፈልጎ ያገኛል። አዲስ የመጡት «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው!» ይላሉ። ደግ ነው፣ አልካድኩም። እኛ የቆየነው ግን የእጅ ባትሪው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መሪው መሆኑን እናያለን።

ክላክሱ እኔ ጋር እንዳለ ያውቃል። ላም መንገድ ካልዘጋብኝ በቀር አልነካውም፤ እሱ ባለበት ደግሞ ፈጽሞ። አንድ ቅዳሜ ግን ከብርዱ ይሁን ከሽቦው ማርጀት፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ጮኸ። አርቪድ ከተኛበት መኪና ስር ተስፈንጥሮ ወጥቶ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባዶውን ግቢ አየት አደረገና ተመልሶ መኪናው ስር ገባ። እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

የሞተሩን ኮፈን የማያስከፍት ሃልቮር ብቻ ነበር። መኪናው ከኬልቢ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ኮፈኑን በሰንሰለት ቆልፎ ይዞራል። ዱዌን የሚባል አፈኛ ጓደኛችን ሁልጊዜ ይለክፈዋል።

«ምነው ሃልቮር፣ እዚያ ውስጥ ውሽማ ደበቅክ እንዴ?»

«ሞተር ናት። ካንተ ሚስት ያነሰ ነው የምትጮኸው።»

«ዘይት ታንጠባጥባለች እኮ። አርቪድ ይይልህ።»

«ጣቱን ያሳርፍባትና እንተያያለን!»

ሳቅን። አርቪድ ብቻ የጉልበቱን አቧራ አራግፎ ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ሃልቮር መሪውን ቀለል አድርጎ ሲያዞር ሳላይ ቀርቼ አይደለም፤ ከየት አምጥቶ እንደገጠመው ግን አልተናገረም። አንድ የማይገባኝ ልማድም ነበረው። ወደ ከተማ ሲሄድ አቋራጩን ትቶ በድልድዩ በኩል ነው የሚሄደው፤ ያውም መንገዱ በረዶ በሠራበት ቀን። ይሄ ሰውዬ ሞት ናፈቀው እንዴ እል ነበር።

ባለፈው መኸር ሃልቮር አልጋው ላይ ሞተ። መኪናው እንደ ወጉ መጋዘኔ መሃል ቆመ። ሚስቱ አይሪን ኬክ ጋግራ፣ የሰንሰለቱን ቁልፍ በኪሷ ይዛ መጣች። ለማን እንደምትሰጠው አልጠየቀችም። ሁላችንም ወደ ኋላ ስንል ቁልፉን አርቪድ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

አርቪድ ከፈተ። የእጅ ባትሪው ወደ መሪው ሄደ። እዚያ ያለው ማሰሪያ ብረት ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። አርቪድ የሽቦ ብሩሹን አንስቶ ይፈገፍገው ጀመር። ብዙ ፈገፈገው። ቀለሙ ሲለቅ እንደ መርፌ ስፌት እኩል እኩል የሆነ ብየዳ ወጣ። የአርቪድን እጅ የማያውቅ የለም። በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ብየዳ አቋርጦት ያልፋል፤ ያበጠ፣ የተዝረከረከ። የሃልቮርንም እጅ የማያውቅ የለም።

«ተሰብሮ ነበር» አለ አርቪድ።

ዱዌን ቶሎ ብሎ ገባ። «ሲወድቅ ነዋ! ከድልድይ ወድቆ የማይሰበር ምን አለ?»

አርቪድ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ስብራቱ ከሃልቮር ብየዳ ስር ቀልጦ ጠፍቷል። ያበራ እንደነበር፣ ዝጎ እንደነበር፣ ከእንግዲህ የሚያይ ዓይን የለም።

«አይሪን፣ ምንም አልነገረሽም?»

«እሱ መቼ ይናገራል?» አለች አይሪን። «የልጅህን መኪና ፈታትቶ የመጣ ዕለት ብቻ እራት አልበላም አለኝ። ማጠቢያው ጋ ቆሞ እጁን ሲታጠብ፣ ሲታጠብ... ምን ሆንክ ብለው ‹ዝገት ነው፣ አልለቅ አለኝ› አለ።»

የተናገረችው ነገር አልገባትም ነበር። እኛ ግን ገብቶናል። ዱዌን እንደገና፣ «አሮጌ መኪና ሁለመናው ዝገት አይደል እንዴ?» አለ።

«ዱዌን፣ ተወው» አለ አርቪድ፣ በቀስታ። «የሚያበራ ቢሆን ኖሮ ሃልቮር በዚያው ዕለት በሬን ሰብሮ ገብቶ ይነግረኝ ነበር።»

ሃልቮርን ልሰድበው ፈለግኩ። የማይነገር ነገር ይዞ፣ ያንኑ ብረት በራሱ መኪና ላይ ገጥሞ፣ በዚያ ድልድይ ላይ ሲመላለስ የኖረን ሰው ምን ብዬ ልስደበው?

አርቪድ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ማንም አልረዳውም፤ ሊረዳውም የደፈረ የለም። ብረቱን አውጥቶ እንደ ታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ ያዘው። እንደ ወጉ የተወሰደው ዕቃ ስም ይጠራል። ዱዌን ጠየቀ።

«የማን... የሃልቮር እንበለው ወይስ የኬልቢ?»

«የኔ በሉት» አለ አርቪድ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቨርና፣ ክላክሱን አስጩኺልኝ።»

«ተው አርቪድ፣ ዛሬ ተው።»

«አስጩኺልኝ አልኩሽ።»

የክላራን በር ከፍቼ ገባሁና መሪው ላይ ተጫንኩ። ያ የኬልቢ ድምፅ መጋዘኑን ሞላው። እጄን ሳላነሳ አርቪድን አየሁት። ብረቱን እንዳቀፈ ቆሟል። ፊቱን ወደ በሩ አላዞረም።