የወንድሜ ጾም

ወንድሜ ሆስፒታል የገባው በእኔ ምስክርነት ምክንያት ነው።

ስኪዞፍሬንያ እንዳለበት ካወቅን ዓመታት አልፈዋል። ድምፆቹ በመድኃኒት ጋብ ብለውለታል። ነገር ግን ራቡንና ጥሙን ከውስጥ አይሰማውም፤ ሐኪሙ ይህም ከሕመሙ ጋር እንደሚመጣ አስረድቶኝ ነበር። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት፤ ልቤ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ስታውጅ እሱም ልጹም አለ። እኛን ቀትር ሳይደርስ ጉልበት ሲከዳን የእሱ ፊት እንኳ አልተለወጠም።

"አልራበህም?"

"ኧረ ምንም፣ እትዬ።"

በሦስተኛው ቀን ማይክ ተቀብዬ፣ "ጌታ ለወንድሜ የጾም ጸጋ ሰጥቶታል" ብዬ መሰከርኩ። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ድሮ ከአጠገቡ ወንበር ዘለው የሚቀመጡ ሰዎች እጁን ጨበጡት። አንድ ሽማግሌ፣ "አንተ ጀግና! እኔ እኮ ገና ሲነጋ ሽሮ ሽሮ ይሸተኛል" ሲሉት ሳቀ። በሰው መካከል ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

እኛ ጾሙን ፈታን። እሱ ቀጠለ፤ እኔም አልከለከልኩትም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በአምስተኛው ቀን በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ያሉ አንዲት አሮጊትን ውሃ አጠጥቼ፣ ስንት ብርጭቆ እንደጠጡ ፎርም ላይ እየሞላሁ ሳለ ጎረቤታችን ኮል አደረገችልኝ። ወንድሜ ደረጃው ላይ ወድቋል። ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ "መጨረሻ ውሃ የጠጣው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት ሲነቃ።

"ምኑን?" አለኝ ግራ ገብቶት። ቀጥሎም፣ "ሰዎቹ ሰላም ይሉኝ ነበር እኮ" አለ።

ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ፣ ሽማግሌው በር ላይ "ምን ነካው?" ብለው ጠየቁኝ። "ፈተና ነው፣ ጋሼ። ጸልዩለት" አልኩ። የራሴን ጥፋት በሰይጣን ላይ አላከክሁ።

ወንድሜ ከጎኔ ቆሞ ይሰማ ነበር።

"ጾም አልነበረም፣ ጋሼ" አላቸው። "ራብ አይሰማኝም። ሕመሜ ነው።"

መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

"ዛሬስ በልተሃል ልጄ?"

"እንጃ። እህቴን ይጠይቋት።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አምልኮ እንዳያመልጠን ብዬ ቁርስ ሳላበላው ነበር ከቤት ያወጣሁት።