ሳይዘንብ የሚረጥበው ድንኳን

ጠብታ ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት ድንኳን ውስጡ እንዴት ይረጥባል? እትዬ ዚፕ ልትፈታው የተነሳችው እንቆቅልሽ ይህ ነበር።

እትዬ ዚፕ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙን ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የማንም ቦርሳ ዚፕ እምቢ ቢል ሩጫው ወደ እሷ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍሏ ሁለት የስፌት መኪና አላት፤ አንዱ ለልብስ፣ ሌላው ለድንኳን። ድንኳኖቹን የሚያመጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በተራራው ብሔራዊ ፓርክ አስጎብኚ ነው።

አንድ ቀን ድንኳን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈ።

«ያፈሳል፤ ያውም ሳይዘንብ። እንግዶቼ ጠዋት የበሰበሰ አይጥ መስለው ነው የሚነሱት።»

«አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ እኮ!»

«ባጠበቅሽው ቁጥር ባሰበት። እትዬ፣ እህትነትሽ እንግዳ አያደርቅልኝም። አሁንም ከረጠበ ለሌላ ሰፊ ነው የምሰጠው።»

ያ ከሆነ አንዱ መኪና ሥራ ፈታ ማለት ነው። እሷም ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ «እኔም አብሬ እወጣለሁ» አለች። ያን ሁሉ ድንኳን ስትሰፋ በአንዱም ተኝታ አታውቅም።

ጫካው አልቆ ዳገቱ ድንጋይ ብቻ ሲሆን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። «በቅሎ ልጥራ?» አላት ወንድሟ። «ለምላስህ ጥራለት!» አለችውና ቀደመችው።

ከወንድሟ እንግዶች ጋር ካምፑ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ሁለት ድንኳን ለብቻ አስተከለች። በአንዱ ከወንድሟ ጋር ተኛች፤ ሌላውን ባዶውን ዘጋችው። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ ጥፋቱ የስፌት ከሆነ የሌሊቱ ጤዛ ሁለቱንም ማርጠብ አለበት።

ጠዋት የነሱ ጣሪያ ይንጠባጠብ ነበር። ባዶው ግን ውስጡ ደረቅ!

«ውሃው ከውጭ አልገባም፤ ከእኛው ነው የወጣው!» ብላ ጮኸች።

«ምን? ቧንቧ አረግሽኝ እንዴ?»

«ትንፋሽህ ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ ስታንኮራፋ ያወጣኸው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚፈላ ድስት ክዳን ሲነሳ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ያ ውሃ ከላይ አልመጣም፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ቀዝቅዞ ውሃ ሆኖ ነው። የተኛ ሰው ትንፋሽም እንደዚያው ነው፤ መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ውሃ ይሆናል።

ታዲያ መውጫው የት ሄደ? እትዬ ዚፕ ጣሪያውን በጣቷ ዳሰሰች። ከጫፉ አጠገብ የራሷ መጣፊያ አለ። ከሥሩ ያለው ወንፊት የመሰለ መረብ ሆን ተብሎ የተሠራ የአየር መስኮት ነበር፤ እሷ ግን ያለቀ ጨርቅ መስሏት በየድንኳኑ በድርብ ስፌት ደፍናዋለች። ሳቋ ከዓለት ዓለት አስተጋባ። ወዲያው ምላጭ ይዛ የራሷን ስፌት ከየድንኳኑ መተርተር ጀመረች።

በማግስቱ ወንድሟ እጁን ጣሪያው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ጉንጩን አስጠጋ። «ደርቋል! አንቺ ሴትዮ፣ እንደ ብስኩት ደርቋል!» እንግዶቹ ከየድንኳናቸው ሳይረጥቡ ሲወጡ አጨበጨቡላት። በዚያው ቀን የተራራው ጫፍ ላይ ቀድማ የወጣችው እሷ ናት፤ ከሥሯ ደመና፣ ከደመናው ሥር ሸለቆ፤ «እልል!» አለች።

አሁን የያዘችው ሌላ ፈተና ነው፤ ትንፋሽ እያስወጣ፣ ንፋስ በጎን የሚነዳውን ዝናብ የማያስገባ የመስኮት ቆብ። ዛሬም ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። እሷ ውስጥ ተቀምጣ መስኮቱ ላይ አፍጥጣለች፤ ወንድሟ ውጭ ባልዲ አንስቷል።

«ልድፋ?»

«ድፋ! ግን ከግራ በኩል፣ በደንብ ወርውረህ!»