ከትከሻ በላይ

ፀሐይ ያጋለው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ሲደፋ የሚነሳው ሽታ ዛሬም በአፍንጫዬ በመጣ ቁጥር ወንድሜ ሰዒድ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ አዋሽ ከተማ ላይ ሻይ ቤት ነበረን፤ ከአሱር ሰላት በኋላ በረንዳውን በባልዲ ውሃ አርሰን፣ ወንበሮቹን ደርድረን፣ አባዬ ከጅቡቲ በባቡር ያስመጣውን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ወደ ሰዉ እናዞረው ነበር። አባዬ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እንዲያይ አይወድም፤ ሻይ የጠጣውም ያልጠጣውም ገብቶ ይቀመጥ ነበር።

ሰዒድ በአቅራቢያችን ባለው የጥጥ እርሻ ጋራዥ ረዳት መካኒክ ነበር። አንድ ክረምት አብሮት የሚሠራ ሩሲያዊ ቤታችን እየመጣ፣ ቴሌቪዥኑ ከወዳጅ አገሮች የተላከ የበረዶ ላይ ዳንስ ባሳየ ቁጥር፣ በተሰባበረ አማርኛው ዳኝነቱን ያስረዳው ነበር። እኔ የማውቀው በረዶ በዝናብ ጊዜ ቆርቆሯችንን የሚደበድበውን ብቻ ስለነበር፣ ሰው እንዴት እንደሚቆምበት እንኳ አይገባኝም ነበር። ሰዒድ ግን የሰማውን ሁሉ ለእኔ እየመለሰ «ዘሃራ፣ ፊታቸውን ተዪው፤ እግራቸውን እዪ» ይለኝ ነበር። የጫማቸው ብረት ግራና ቀኝ ጠርዝ አለው፤ ጎበዙ በአንዱ ጠርዝ ጋደል ብሎ ይታጠፋል፣ ሰነፉ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። አብረው በሚደንሱት ወንድና ሴት መሀል ክፍተት ከሰፋ፣ እርምጃቸውም ከሙዚቃው ምት ከወጣ ነጥባቸው ይወርዳል። እያንዳንዱ ዳኛ ከስድስት የሚታሰቡ ሁለት ነጥቦች ይሰጣል፣ አንዱን ለሥራው ጥራት፣ ሌላውን ለአቀራረቡ። ሰዒድ አብልጦ የሚወዳት ሕግ ግን አንዲት ነበረች፤ ወንዱ ሴቷን ሲያነሳ እጁ ከትከሻው በላይ ማለፍ የለበትም። ይህ ዳንስ ነው፣ ጉልበት ማሳየት የፈለገ ሌላ ውድድር አለለት፣ ይል ነበር። በረንዳው ሲታጠብ ኦሞ በትነን፣ በባዶ እግራችን እየተንሸራተትን ያነሳኝና እጁ ልክ ትከሻው ጋ ሲደርስ ያቆመኝ ነበር። እማዬም «ዛሬ አንገታችሁን ባትሰበሩ ምን አለች በሉኝ!» እያለች ትስቅብን ነበር።

በጥቅምት ጥጥ ለቃሚዎቹ ከደጋ ሲወርዱ ሻይ ቤታችን ይሞላል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጓድ ብርሃኔም ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ከፊት ይቀመጥና፣ ሴቷን ከፍ ያደረገውን ሁሉ «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» እያለ ያወድስ ነበር። ሰዒድ «ይቀነስበታል፣ ጓድ ብርሃኔ» ሲለው፣ ነጥቡ እስኪታይ ይከራከሩና ብዙውን ጊዜ ሰዒድ ያሸንፍ ነበር። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

በየካቲት አፈሳ መጣ። የጎረቤቶቻችን ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና ከመንገድ እየተለቀሙ ወደ ሰሜን ተጫኑ፣ የተመለሰም አላየንም። አባዬ ሰዒድን ጓዳ ውስጥ ከስኳር ጆንያዎቹ ኋላ ደበቀው፤ ወሎ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል ብለን አወራን። ቴሌቪዥኑ ቢዘጋ ሰው ይጠረጥራል ብሎ እንደ ወትሮው ይከፍተው ነበር። ጓዳውን ከሻይ ቤቱ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ያው ዳንስ ታየ። አንዱ ወንድ ሴቷን ከራሱ በላይ አውጥቶ አሽከረከራት፤ ቤቱ አጨበጨበ። ጓድ ብርሃኔ ጭኑን መትቶ «በቃ፣ ስድስት ነው የሚሰጡት!» አለ።

«ከትከሻ በላይ አነሳት እኮ! ይቀነስበታል!» አለ ከመጋረጃው ኋላ ሰዒድ።

ሰዉ ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞረ። እማዬ የሻይ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጓድ ብርሃኔ አልተቆጣም፤ አንገቱን እንደደፋ ጠመንጃውን አንስቶ «ሰዒድ፣ ና ውጣ» አለ።

«ጓድ ብርሃኔ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው» አለ አባዬ።

«ጋሽ ዓሊ፣ ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ሰማ እኮ።»

ሰዒድ በአጠገቤ ሲያልፍ እኔን አላየኝም፤ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር፣ ነጥቡን እየጠበቀ። ከደጃፍ ካወጣው በኋላ ነጥቡ መጣ፤ ዝቅ ያለ ነበር። ልነግረው እየሮጥኩ ብወጣም የአፈሳው መኪና ጭኖት ወደ አዋሽ አርባ የጦር ሰፈር አቅንቶ አቧራው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልሰማንም። ደርግ ሲወድቅ የተበተኑት ወታደሮች በከተማችን ሲያልፉ፣ እማዬ ውሃ እየሰጠች የእያንዳንዱን ፊት ትመረምር ነበር። ሞቱን የነገረን የለም፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም፤ አባዬም እማዬም በር በሩን እያዩ አለፉ። እኔ ተስፋዬን የቆረጥኩት ቀድሜያቸው ነው፣ ግን አልነገርኳቸውም።

አሁን ሰመራ እኖራለሁ፤ ልጄ በስልኳ ያንኑ ዳንስ ታሳየኛለች። ዛሬ ባለሙያዎች እያንዳንዱን እርምጃ በዝግታ መልሰው አይተው፣ ምን እንደጎደለ ለይተው ነው ነጥብ የሚሰጡት። የእኔን ወንድም ለምን እንደወሰዱት ያስረዳን አልነበረም። ባለፈው አንዱ ወንድ ሴቷን ከትከሻው በላይ ሲያነሳት፣ የአጎቷን ነገር ከእኔ የሰማችው ልጄ ቶሎ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ይቀነስበታል አይደል?»

ሕጉ ላልቷል፤ ክንዱን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ካላቆያት በቀር የሚነካው የለም።

«አይቀነስበትም፣ ልጄ» አልኳት። «አሁን ተፈቅዷል።»