ከብራስልስ እስከ አምስተርዳም

የምስራች፤ መልሱ ስህተት ነው። የተሳሳቱት ዲላ ውስጥ በወጣቷ ሐያት ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብለው፣ የአውሮፓ ከተሞችን ርቀት የሚጠይቅ ጨዋታ የያዙ አንዲት እናት ናቸው። መነጽራቸው በክር ታስሯል፤ ነጠላቸው ግን ገና ከሳጥን የወጣ ይመስላል።

ብራስልስ ያለች ልጃቸው ወልዳ ብቻዋን ተኝታለች፤ የአምስተርዳሟ እህቷ «ሩቅ ነው» ብላ አራስ ሳትጠይቅ ቀርታለች። ጨዋታው የሁለቱን ከተሞች ርቀት ሲጠይቃቸው፣ እሷን አምነው ትልቁን ቁጥር መረጡ፤ ስክሪኑ ቀላ።

«ታዲያ ምን ያህል ነው ልጄ?»

«ከዲላ ሐዋሳ ደርሶ መልስ ቢሆን ነው፣ እማማ» አለች ሐያት።

እማማ በሳቅ ፈነዱ። «እኔ ለልቅሶ ጠዋት ሄጄ ማታ ቤቴ የምገባበትን? ዛሬውኑ ሄዳ ገንፎዋን ታገንፋላት።»

ሐያት «ባቡርም አለ» እስክትላቸው፣ ለአምስተርዳሟ ሊደውሉ እየተጣደፉ ወጥተዋል።