ሐር እጇና የካርቦን ቱቦዋ

በላቦራቶሪው «ሐር እጇ» ይሏታል። ሥራዋ ከፀጉር በሺህ እጅ የምትቀጥን የካርቦን ቱቦ ላይ የወርቅ ሽቦ መግጠም ነው። ቱቦዋን መግደል ደግሞ ቀላል ነው፤ ሹራብ ከለበሰ ሰው ጣት የምትዘል አንዲት ብልጭታ ድራሿን ታጠፋዋለች። ስለዚህ ሐር እጇ ከመሬት ጋር የተያያዘውን አምባር ሳታስር ምንም አትነካም።

ዘንድሮ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ ከድቷታል። ትናንት ሻይ ስትቀዳ ባሏ፣ «ለኔ ነው ለሰሃኑ?» ብሎ ቀለደባት። እሷ አልሳቀችም።

ዛሬ በዚህ ዙር ካሳደጓቸው ቱቦዎች የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት። ቱቦዎቹን የሚያጠናው ወጣት ተመራማሪ ከኋላዋ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ማይክሮስኮፑ ሥር ሽቦው ተንቀጠቀጠ። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፤ ረጋ ሲል አሳረፈችው። ያዘ!

ቱቦዋን ሊፈትኑባት ያዘጋጁት ማግኔት ተከፈተ። ማግኔቱ በበረታ ቁጥር ቱቦዋ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ትለቅ ጀመር፤ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደምታግድ የሚያሳየው የመለኪያ ቁጥርም ዓይናቸው እያየ ወረደ።

«አዩልኝ እትዬ! ይኸው!» አለና ተመራማሪው በደስታ አምባር ሳያስር ባዶ ጣቱን ወደ ሽቦው ሰደደ።

ጧ አለ። ቱቦዋ ተቃጠለች።

የሐር እጇ እጅ ጠረጴዛው ላይ ይርገፈገፍ ጀመር። ለወራት ስትደብቀው ኖራ አሁን አልደበቀችውም፤ ሰበብ አግኝታለችና። ተመራማሪው በሁለት እጁ ያዘላት።

«በኔ ጥፋት እንዲህ አይደንግጡ እትዬ። እርስዎ እስካሉልኝ ምን እሆናለሁ? ሌላ ቱቦ እናሳድጋለን፣ እርስዎ ይገጥሙልኛል።»

እጇን ቀስ ብላ ከመዳፉ አወጣችና ኪሷ ከተተችው።