በነጠላ ስር የተጨባበጥነው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህን ግን ውጬ ተመልሻለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ጅጅጋ ውስጥ ለበዓል በግና ፍየል እሸጣለሁ። ከጎኔ ሆዳን የምትባል ሶማሌ ትሸጥ ነበር፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ኤዶ ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ኮሮና አልፎ ሰው መጨባበጥ ሲጀምር፣ ሄጄ እንተባበር ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ። ዋጋ እየሰበርን ከምንራቆት፣ ለከተማው ሰው እንደ ድሮው እንሽጥ፤ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡት መምህራንና ወታደሮች ግን ገበያውን አያውቁምና ከፍ እናድርግባቸው አልኳት። ፈራች። ኋላ ግን እሺ አለች።

ዘዴው የከብት ተራው ነው። እዚያ ተገበያዮች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ዋጋውን በጣት ይነጋገራሉ፣ ሌላው እንዳይሰማ። እኛም ገዢው ከእሷ ወደ እኔ ሲመጣ ሰላም የምንባባል መስለን በነጠላዬ ስር እንጨባበጣለን፤ የጠራችለትን በጣቷ ትነግረኛለች። እኔ ከዚያ በላይ እጠራለሁ። ሰውዬው ሆዳን ቀንሳለች ብሎ ይመለስላታል። በማግስቱ ተራው የእኔ ነው፤ እሷ ታስወድዳለች፣ እኔ እሸጣለሁ።

እኩል ነበር የምንሸጠው። ታዲያ ምን አቃጠለኝ? ምርቃቱ። ከእሷ የገዙ ቆመው ይመርቋታል፣ ልጆቿን በስም እየጠሩ ይጠይቋታል። ከእኔ የገዙ በጉን ጎትተው ይሄዳሉ። በዚያው ውድ ዋጋ ነው የምትሸጠው፤ ዋጋውን የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ለእሷ የደረሰው ምርቃት ለእኔ ለምን ይቀራል? ቅናት በእርጅና ሲይዝ ክፉ ነው።

አንድ የፋሲካ ሰሞን፣ ሚስቱ አራስ የሆነች መምህር ከሆዳን ገዝቶ በፊቴ ሲያልፍ፣ “እማማ፣ የእርስዎ ዋጋ ሰማይ ነው። እሷ ባትኖር በሽሮ ልንፈስክ ነበር” ብሎ ሳቀብኝ።

“ልጄ፣ ያንን የሚያህል በግ ለከተማው ሰው በስንት እንደሰጠች ጠይቅ” አልኩት።

ጠየቀ፤ ልዩነቱን ሲሰማ ጮኸ። ወዲያው መምህራኑና ወታደሮቹ ከበቧት፣ ሌባ አሏት። ከእኔም በዚያው ዋጋ የገዙ ከመካከላቸው ነበሩ፤ ማንም ግን ወደ እኔ አልዞረም። ቋንቋዬ የእነሱ፣ ማተቤ የእነሱ። እሷን ለመጠርጠር ድሮም የተዘጋጁ ነበሩ። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያሳየኋቸው።

ሆዳን ልታጋልጠኝ ትችል ነበር። ብቻ ዞር ብላ አየችኝና፣ “ኤዶ፣ አንቺ ንገሪያቸው። አንቺን ያምናሉ” አለችኝ።

“እኔ የማውቀው ነገር የለም” አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ከእሷ አልገዛም። ፍየሎቿን ለነጋዴ በጅምላ ሰጥታ ከተማውን ለቀቀች፤ ደገሀቡር ገበያ አየናት የሚሉ አሉ። እኔም ፈርቼ ለሁሉም አንድ ዋጋ መጥራት ጀመርኩ። ፍርሃቴን ሰው ፍትሕ አለው። ዛሬ ሻጭና ገዢ ሲጣሉ “እማማ ይፍረዱን” ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። እፈርዳለሁም። አጭበርባሪ አልምርም።

ድህነት ነው አልልም፤ ልጆቼ ጠግበው ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። ይቅርታውንም ከእናንተ አልለምንም፣ የእናንተ አይደለምና። ደገሀቡር ሩቅ አይደለም፤ መኪናው በየቀኑ ይሄዳል። እስከ ዛሬ ያልሄድኩት ጉልበቴን አሞኝ አይደለም። እዚያም ሰው ቆሞ ሲመርቃት እንዳላይ ነው።